የግራው ጊታር

ባሌ ደምመላሽ አይሰማኝም ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ያስቸገርኩ ሴት ነኝ። ከጓዳ ስጣራ ዝም፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሳወራው ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነው፣ ሮኩን ጆሮው ላይ ሰክቶ እኔን ረስቶኝ ነው እያልኩ ስንት ቀን አኩርፌያለሁ። ሮክ ያልኩት ያንን የፈረንጅ ጩኸት ነው። አንድ ቀን ስለ እሱ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ደምመላሽ የተሳቢ ሾፌር ነው። ነበር ማለት ይከብደኛል፣ ስለዚህ ነው እላለሁ። ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያውንም ብረቱንም ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ቡና ካገኘ ቡና ጭኖ፣ ካላገኘ ባዶውን ይመለሳል። የአብዛኞቹ ሾፌሮች ቤት አገር ቤት ነው። እኛ ግን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍልና ጓዳ ተከራይተን ኑሯችንን እዚህ አደረግን፣ ምክንያቱም እኔ ጅቡቲ ፈረንጅ ቤት እሠራለሁ። ቀድሞ እዚያው አዳሪ ነበርኩ፤ ካገባሁ ወዲህ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ልጃችን በእምነት ድሬዳዋ እህቴ ጋ ሆና ትማራለች። የሙቀቱን ነገር እሷ አልቻለችውም፤ እኛም የቻልነው ግድ ሆኖብን ነው።

ሮኩ ቤታችን የገባው በእኔ እጅ ነው። የቀድሞዋ ማዳሜ የባሏ ሥራ አልቆ አገሯ ልትገባ ስትል የማትወስደውን ዕቃ ሁሉ ሰጠችኝ። መጋረጃ፣ የግፊት ድስት፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ደግሞ የተጠላለፈ ገመድና ቻርጀር። ከገመዱ መሐል ትንሽ ፍላሽ ወጣች። እኔ ዓይኔ ድስቱ ላይ ነበር። ደምመላሽ ግን ፍላሿን ይዞ እዚሁ ጅቡቲ መሐል ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ስልክ የሚሸጠው ከይረዲን ጋ ሄዶ አስከፈታት። ዘፈን ነበር፣ ሁሉም ዘፈን፣ ያውም በዓመት በዓመት የተደረደረ፤ ከፈረንጆቹ 1954 ተነስቶ ወደዚህ ይመጣል። የማዳም ባል እንዲያ ያለ ሰው ነበር፣ ካልሲውን እንኳ በቀለም ነበር የሚያስደረድረኝ። ከይረዲን ሁሉንም ስልኩ ላይ ጫነለትና «ሮክ ነው፤ የሽማግሌ ሮክ» ብሎ ሸኘው።

ሌላ ሰው ቢሆን የወደደውን መርጦ የቀረውን ያጠፋ ነበር። ደምመላሽ ግን መንገድን ከመሐል መጀመር የማይሆንለት ሰው ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀመረ፣ አንድም ሳይዘል። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፈረንሳይኛውም ለወደብና ለፖሊስ የምትበቃ ናት። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ይሙት ይኑር የሚነግረው የለም። ስለዚህ የዚያን ሙዚቃ ታሪክ በጆሮው ብቻ ሊያውቀው ተነሳ። አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ይሰማዋል፤ መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለስና ወፍራሙን ጊታር፣ ከዚያ ቀጭኑን ይከተላል። ዘፋኙን ለመጨረሻ ያቆየዋል። «ዘፋኙን ካስቀደምሽው ሌሎቹን ይሸፍንብሻል» ይለኛል። እኔም ሽንኩርቴን እየከተፍኩ «እኔንም እንዲህ ደጋግመህ ብታዳምጠኝ የት በደረስን» እለው ነበር።

ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ የሚያገኘውን ነገር ሲነግረኝ ደስ ይል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘፈኖች ሁሉም ነገር ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው አለኝ፤ ሰዎቹ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ከበሮ መቺው ዘፋኙን እንዳይሸፍነው እየተጠነቀቀ። ከዚያ ጊታሩን ሆን ብለው ያበላሹበት ዓመት መጣ፤ ድምፁ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም አበላሸው። «ይሄኛው ያኛውን ሰምቶታል» ይላል። «ገላፊ ድንበር ላይ አንዱ ጥሩንባ ሲቀይር በወሩ መስመሩ ሁሉ እንደሚቀይረው ማለት ነው።» ድምፁ ለሁለት የተከፈለበትን ዘፈን ያገኘ ቀን ደግሞ ሳሙናውን ከፊቱ ሳይጠርግ ከመታጠቢያው ሮጦ ወጣ። «ገበያነሽ! ለሁለት ከፈሉት! ከበሮው በቀኝ፣ ጊታሩ በግራ! መሐሉ ላይ ሰው ማቆም ጀመሩ!» እያለ እኔን መሐል ላይ አቁሞ ማን የት እንደቆመ በእጁ አሳየኝ።

ይሄ ማዳመጥ ለሥራው እንደሚጠቅመው ማናችንም አላሰብንም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ ዱዝ የሚባል የከባድ መኪና መቆሚያ አለ፣ ሾፌሮቻችን ጭነት ሲጠብቁ የሚከርሙበት። እዚያ አንድ ልማድ አላቸው። የጫነ መኪና ከመውጣቱ በፊት ሞተሩን አስነስተው የፍሬኑን አየር ይሞሉና ያጠፉታል። አንዱ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው መኪናውን እየዞረ ያዳምጣል። የሚለቅ አየር ካለ ትንሽ የእባብ ትንፋሽ ታክላለች፤ በዚያ ሁሉ ጄኔሬተርና አዛንና ጥሩንባ መሐል እሷን መለየት ለሁሉ ሰው አይሆንም። ለደምመላሽ ግን ሆነለት። ከበሮውን ትቶ ወፍራሙን ጊታር እንደሚከተለው ጄኔሬተሩን ትቶ ትንፋሿን ይከተላታል። ጋሼ ጆሮ አሉት። ዞሮ ሲጨርስ ተሳቢውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ንጹሕ ነው። በሰላም ግባ» ይላል። ይህችን ቃል ሳይሰሙ መውጣት የማይወዱ ሾፌሮች መጡ፤ እንደ ምርቃት ቆጠሯት። እኔም እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

የሚያዳምጠው በግራ ጆሮው ነበር። ሌላው በቀኝ እጁ እንደሚበላ እሱ በግራ ጆሮው ነው የሚያዳምጠው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመታት ሄዱ፣ እሱም በሮኩ ዓመታት እየተጓዘ ሰባዎቹን ጨርሶ ሰማንያዎቹ ውስጥ ገባ። ባለፈው ክረምት፣ ያ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ፊታችን ላይ በሚደፋበት ሰሞን፣ ከጉዞ ሲመለስ አዲስ ነገር አግኝቷል። «ግራውን ትተውታል» አለኝ።

«እነማን?»

«ሮኮቹ ናቸዋ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግራው ሞልቶ ነበር። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየሳሳ መጣ፤ አሁን ባዶ ነው። ጊታሩን ጠቅልለው ወደ ቀኝ አስገቡት።»

«ለምን?»

«ፋሽን ይሆናል። ወይም ጊታረኞቹ ተጣልተው ሄደዋል። አንድ ነገር ሆኗል በዚያ ዘመን።»

ኢርፎኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብሎ ከይረዲን ጋ ሄዶ አዲስ ገዛ። ያው ሆነ። ሌላ ገዛ። ከይረዲን ራሱ ጆሮው ላይ ሰክቶ «ይሠራል እኮ፣ አንተ ሰውዬ» አለው። ስለዚህ ነገሩ የኢርፎኑ ሳይሆን የዘመኑ ነው ብሎ ደመደመ፤ ደስም አለው፣ እንደዚያ ያለ ነገር ማንም ሳይነግረው በራሱ ስለደረሰበት። ለሚያገኘው ሾፌር ሁሉ ስለ ባዶው ግራ ያወራ ነበር። እኔም የማላውቀውን ነገር ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጥለታለሁ።

አንድ አርብ ጠዋት ፒኬ ዱዝ ሄዶ የጉዲናን መኪና አዳመጠለት። ጉዲና ወጣት ሾፌር ነው፤ ደምመላሽን እንደ ታላቅ ወንድም ያያል፤ ሚስቱ በቅርቡ ነው የወለደችው። ማዳበሪያ ጭኖ ነበር። ንጹሕ ነው፣ በሰላም ግባ ተባለና ወጣ። ደምመላሽ ራሱ ጭኖ ስለጨረሰ በማግስቱ ሊወጣ ነው። እቤት መጥቶ ምሳውን በላ። ከቀትር በኋላ እንደምታውቁት ጅቡቲ ይዘጋል፤ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። እሱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ያንን የባዶውን ግራ ነገር ደህና አድርጎ ሊያስረዳኝ ፈለገ። «ቆይ፣ ዱሮ እንዴት እንደነበር ላሰማሽ፣ ከዚያ ልዩነቱ ይገባሻል» ብሎ ወደ ስድሳዎቹ ተመለሰ። አንድ እንደ መዳፉ የሚያውቀው ዘፈን አለ፣ ከበሮውም ዘፋኙም ከመግባታቸው በፊት ጊታሩ ብቻውን በግራ የሚጀምርበት። ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ሊሞክረው ሁለቱን ኢርፎኖች ሰካና ተጫነው።

ጠበቀ። ስልኩን አየው፣ እንደገና ተጫነው። «አልጀመረም» አለኝ።

«ባትሪ የለውም ይሆናል።»

«አለው። ይሄዳል እኮ፣ ሰዓቱ ይቆጥራል።»

ከዚያ ድንገት ከበሮው ሲገባበት ደንገጥ አለ። ኢርፎኖቹን ነቀለና የግራውን በቀኝ ጆሮው ላይ ሰካው። ካውያውን እንደያዝኩ ፊቱን አየሁት። የሰው ፊት እንዲያ ሲሆን ያየሁት አባቴ የሞተ ቀን ነው፣ መርዶ ነጋሪዎቹ በር ላይ ሲቆሙ። «ገበያነሽ፣ ነይ እስቲ» አለኝ ቀስ ብሎ። ያንኑ የግራውን ሰጠኝ። «ምን ይሰማሻል?»

«ጊታር።»

«ጮክ ያለ ነው?»

«ጆሮ ይበጥሳል» አልኩት። በኋላ ሳስበው ሌላ ቃል ብመርጥ ይሻል ነበር።

ዘመኑ አይደለም የተለወጠው። ከሮኩ ታሪክ ማንም ጊታሩን ይዞ አልሄደም። የመኪናው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ስንት ዓመቱ፣ በዚህ ሙቀት መስኮቱን ከፍቶ ነው የሚነዳው፤ ነፋሱም፣ ሞተሩም፣ የሚተላለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባም በዚያ በግራው መስኮት ሲገባ ኖሯል። እሱ በሮኮቹ ላይ የሆነ መስሎት ዓመት በዓመት የተከተለው ነገር በራሱ ጆሮ ላይ የሆነ ነው። ክው ብዬ ቆምኩ። ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ ያኮረፍኩባቸው ቀኖች ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደሩ።

እሱ ግን ስለ ጆሮው ገና አላሰበም። «ጉዲና!» ብሎ ዘሎ ተነሳ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠዋት ንጹሕ ነው ያለው በዚያ ጆሮ ነው። ደወለ፤ አይገኝም አለው። ደግሞ ደወለ። በመንገዱ ላይ ካለችው ከዲክሂል ከተማ ወዲያ ያለውን፣ ፍሬን የሚጠይቀውን ቁልቁለት እኔ አላውቀውም፤ እሱ ግን ያውቀዋል፣ ከስልኩ ጋር እየተነጋገረ «ዲክሂልን አትለፍ፣ አትለፍ፣ እባክህ» ይላል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ የተኮስኩትን ሁሉ ረገጠው። እኔ የዚያን ልጅ ሚስት፣ ሕፃኑን፣ ወደ ቤታቸው ሄጄ ምን እንደምላት አስባለሁ። በመጨረሻ ጉዲና አነሳ። ደምመላሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው፣ እኔም ሁሉንም ሰማሁ።

«የት ነህ?»

«ዲክሂል ነኝ ጋሼ፣ ሻይ እየጠጣሁ። ምነው፣ ሰላም አይደለም?»

«እንዳትነሳ! ጠዋት ያልኩህን እርሳው። የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ዛሬ ነው ያወቅሁት። መኪናህን በሱ ነው ያዳመጥኩት፤ ሰው ፈልግና እንደገና አስደምጥ። ስማኝ፣ እንዳትነሳ!»

ጉዲና ከመቀመጫው ተነሳ መሰለኝ፣ የሻይ ቤቱ ጫጫታ ራቀ። «ጋሼ፣ አይዞህ» አለ። «ጎሚስታው ዘይድ አዳምጦልኛል።»

«መቼ?»

«አንተ ከሄድክ በኋላ ነዋ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«ከረመዳን ወዲህ። ንጹሕ ነው ያልከው የጋሽ አምባው መኪና ላይ ዘይድ አየር ሲለቅ ሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንተ ስትጨርስ ወደ መቆሚያው መውጫ በር ጠጋ እንልና እሱ ይደግመዋል።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ጋሼ፣ እንዴት ብለን እንነግርሃለን? አንተን ማስቀየም ሆነብን። ቃልህን ሳንሰማ መውጣት ደግሞ አንወድም፣ ለምደነዋል።»

«እሺ» አለ ደምመላሽ። «በሰላም ግባ።» ስልኩን ዘጋ።

እኔ መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፣ ልጁ ተርፏል። ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ይሉኝታ! ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ወር፣ አንድ ሰው ፊት ቆመው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» እያሉ ዞር ሲል በሌላ ሰው ያስደግማሉ። አገራችንን የሚያክል ይሉኝታ ተሸክመን ድንበር ተሻግረን መጣን። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ስናገር ጎረቤቴ ሙኒራ እንኳ ከእንቅልፏ ነቅታ ግድግዳውን መታች። እሱ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጩኸቴ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ያንተንስ መኪና?» አልኩት። «የነሱን ዘይድ ይደግመዋል። ያንተን ማን ይደግማል?»

«የኔን እኔ ነኝ የማዳምጠው። አንዱን ፍሬን አስረግጬ እዞራለሁ።»

«በየትኛው ጆሮህ?»

ሻሼን ጠምጥሜ ይዤው ወጣሁ።

ፒኬ ዱዝ ስንደርስ ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። ዘይድ ጎሚስታ ነው፣ ጎማ ሲነፋና ሲለጥፍ የኖረ የሐረር ልጅ፤ አየር ሲለቅ መስማት ሥራው ነው። ጎማዎቹ መሐል ጥላ ውስጥ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተቀምጧል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ጀመርኩለት። «ወላሂ እትዬ ገበያነሽ...» እያለ ተነሳ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ደምመላሽ ክንዴን ያዝ አድርጎ አስቆመኝና «መኪናዬን አዳምጥልኝ» አለው።

ራሱ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ፣ አየሩን ሞላ፣ አጠፋ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ በጎን መስታወት ዘይድን ያየዋል። ሾፌሮቹ ከያሉበት አንድ በአንድ ተነስተው መጡ፤ አምባውም አለ፣ ሽበቱን ታቅፎ። ዘይድ የፊቱን አለፈ፣ መሐሉን አለፈ። የተሳቢው የኋላ ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ። አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ ዐመድ መስሏል፤ ወደ መስታወቱ ማየት አቃተው። አሁንም ሊያስተባብል ነው መሰለኝ አፉን ሊከፍት ሲል «ተናገር!» ብዬ ጮህኩበት።

«ይለቃል» አለ።

ደምመላሽ አምባውን ፍሬኑን አስያዘውና ወርዶ መጣ። ጎማው ሥር ተንበርክኮ መጀመሪያ እንደ ልማዱ ግራውን አስጠጋ። ከዚያ ራሱን አዙሮ ቀኙን አስጠጋ። ሰማት። ሲሰማት አየሁት፤ ትከሻው ወረደ።

«ስንት ጊዜ በዚህ ወጣሁ?» አለ ከመሬት ሳይነሳ።

አምባው ከጋቢና ውስጥ «ትንሽ ናት እኮ፣ ያን ያህል አትጎዳም» አለ። እዚያም ላይ ሆነው ያባብሉታል።

ያን ጊዜ ተነሳ። ተቆጥቶ ሲናገር የሰማሁት በትዳራችን ያቺን አንድ ቀን ነው። «የናንተን አስደገማችሁ» አላቸው። «ደግ አደረጋችሁ፣ እኔም አስደግሙ እላችሁ ነበር። እኔ ስወጣ ግን ፍሬኑን የምትረግጡልኝ እናንተ ናችሁ። እዚያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ በመስታወት ታዩኝ ነበር። ንጹሕ ነው ስላችሁ እጃችሁን እያውለበለባችሁ ሸኛችሁኝ።»

ዘይድ ማልቀስ ጀመረ። «ያንተን በድብቅ ላዳምጥ ብል ከመኪናህ አትለይም» አለ። «ካየኸኝ ደግሞ ታውቃለህ ብዬ ፈራሁ።» ልመታው ነበር የቀረብኩት፤ ሲያለቅስ ሳየው እጄ አልታዘዘኝም። ተሳቢውን ያን ዕለት ጠግነውለት ቧንቧውን ቀየሩት። በማግስቱ ግን ደምመላሽ አልወጣም።

ሐኪሙ የግራው አይመለስም አለ። ቀኙም ጀምሮታል፤ መስኮት ከፍቶ መንዳቱን ካልተወ ይከተላል። አዲስ አበባ ላለው የመኪናው ባለንብረት ደውሎ ሲነግረው ሰውየው ሳቀ፤ «አንድ ጆሮ ምን አነሰው፣ ስንቱ በአንድ ዓይኑ ይነዳ የለ» አለው። መልካም ያደረገለት መስሎታል። ደምመላሽ ስልኩን ይዞ እኔን አየኝ። የበእምነት ትምህርት አለ፣ ኪራዩ አለ፤ የእኔ ደሞዝ ብቻውን የትም አያደርስም፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ «ዘይድ እያዳመጠልህ ንዳ» ልለው ነበር፤ እውነት ለመናገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከኋላው ሲያልፍ ጥሩንባውን የማይሰማውን መኪና አሰብኩ። «ቁልፉን መልስለት» አልኩት። ሌላ ሾፌር መጥቶ መኪናውን ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ጉዲናና ጓደኞቹ እየመጡ «ጋሼ፣ ና ቃልህን ብቻ ስጠን፣ ዘይድ ያዳምጣል አንተ ትመርቃለህ» ይሉታል። አልሄደም። ቀን ቀን የድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ካለው ጥላ እየሄደ ይቀመጣል፤ ባቡር አይመጣበትም፣ ጸጥ ያለ ነው ይላል። ለእሱማ ግማሹ ዓለም ጸጥ ብሏል። በሌሊት ቀኝ ጆሮውን ትራሱ ላይ አድርጎ ሲተኛ ስጠራው አይሰማኝም፤ ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ። ሮኩን ጨርሶ አልነካውም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ያ ጩኸት እንደናፈቀኝ ሳውቅ በራሴ ተናደድኩ።

አንድ ቀን ስልኩን አወጣ። ከ1954 ጀመረ፣ እንደ አዲስ። አንድ ኢርፎን ብቻ በቀኙ ሰክቶ። ሁሉም ከአንድ ቦታ የሚመጣባቸው ዓመታት ናቸው፣ እነዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው የሚጫወቱት ሰዎች። «እዚህ ምንም አልጎደለኝም» አለኝ፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። እያዘገመ፣ እያንዳንዱን እየደጋገመ ይሰማል፣ ቶሎ እንዲያልቁበት ስላልፈለገ ይመስለኛል። ለሁለት የተከፈሉበት ዓመት ሲደርስ ግን ቆመ። ከይረዲን የሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ ደባልቆ በቀኙ እንዲሰማው ስልኩን አስተካከለለት። ሞከረው፣ አልወደደውም። «አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ» አለ። «ማን የት እንደቆመ አይታወቅም።»

ባለፈው አርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ ልብስ ስተኩስ ጠራኝ። በቀኙ በኩል አስቀመጠኝ። የራሱን ቀኝ ሰካና የግራውን ኢርፎን ዘረጋልኝ። «አንቺ ግራውን ያዢ» አለኝ። «እኔ ከበሮውንና ዘፋኙን አለሁ። ጊታሩ ምን እንደሚያደርግ ንገሪኝ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ማወቅ አይደለም፣ የሰማሽውን።»

ጆሮዬን ቀሰርኩ። መጀመሪያ አንድ ላይ የተጨማለቀ ነገር ነበር፤ ከዚያ እንዳስተማረኝ ሌላውን ትቼ አንዱን ተከተልኩ። አሁን ይወጣል፣ አሁን ወረደ፣ አሁን አንዱን ነገር ይደጋግማል እያልኩ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይጫወታሉ። ያን ፊቱን ካየሁት ስንት ወር ሆኖኛል። ዘፈኑ ወደ መሐል ሲደርስ «እዚህ ጋ እንዴት ነው?» አለኝ። «እንዴት ያምራል፣ አይደል?»

አዳመጥኩ። ምንም የለም። ኢርፎኑ የወደቀ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት፤ አልወደቀም። ፊቱን አየሁ፣ ደስ ብሎታል። አዎ፣ በጣም ያምራል ማለት ነው የሚጠበቅብኝ፣ አንድ ትንፋሽ ነው። ፒኬ ዱዝ ያሉትን ሁሉ ያን ጊዜ ተረዳኋቸው።

«ምንም የለም» አልኩት። «ዝም ብሏል።»

ዓይኑን ገለጠና አየኝ፣ ብዙ አየኝ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «እዚያ ጋ ዝም ይላል» አለኝ። «ከበሮው ብቻውን ዞሮ እስኪመጣ ድረስ አይጫወትም።»

አውቆ ነው የጠየቀኝ። ልሰድበው አፌን ስከፍት እጄን ያዘው።

«ሲገባ ንገሪኝ» አለ።

ጠበቅን። ገባ። ነገርኩት።